«ክፍያዎ ደርሶናል» ብለውኝ ኪራዬ ለምን ተመለሰ?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። የቤት ኪራዬ 1,850 ዶላር ነው፤ በአከራዮቹ ድረ ገጽ ከባንክ አካውንቴ እከፍላለሁ። ባለፈው ወሩ ሊገባ ሲል፣ ዓርብ ማታ፣ ደሴ ላለችው እናቴ በስልኬ አፕ 400 ዶላር ላክሁላት። በካርድ ሳይሆን ከአካውንቴ ነው የላክሁት። ብሩ በደቂቃዎች ደረሳት። ቅዳሜ ጠዋት አካውንቴን ሳይ 2,100 ዶላር አለ። ኪራዬን ከፈልኩ። «ክፍያዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል ኢሜይል መጣልኝና እፎይ አልኩ። ሐሙስ ማታ ከሥራ ስወጣ ግን ሌላ ኢሜይል መጣ። ክፍያው ተመልሷል፣ ምክንያት አር-01፣ በቂ ገንዘብ የለም ይላል። አካውንቴን ስከፍተው 2,680 ዶላር ተቀምጧል! በማግስቱ ኪራዩን በሁለት መኒ ኦርደር (ገንዘቡ አስቀድሞ የተከፈለበት የክፍያ ወረቀት) ወስጄ ሰጠኋቸው። እነሱ ግን የመመለሻ ክፍያ ብለው 50 ዶላር ከአካውንቴ ወሰዱ። 150 ዶላር ደግሞ «ዘግይተሻል» ብለው ጻፉብኝ። ከዚያ በፊት፣ አካውንቴን ወደ ክሬዲት ዩኒየን (እንደ ባንክ የሚሠራ የአባላት ማኅበር) ያዛወርኩ ሰሞንም አር-03 ብሎ ተመልሶብኝ ነበር። የአክስቴ ልጅ «ባንክሽ ሂጂና እኔ አልፈቀድኩም በያቸው፣ ብሩን ይመልሱልሻል» ትለኛለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦

እህቴ፣ መልሱ ራስሽ በጻፍሻቸው ቁጥሮች ውስጥ አለ። እስቲ አብረን እንደምር።

ቅዳሜ ጠዋት ያየሽው 2,100 ዶላር ዓርብ ማታ የላክሽውን 400 ይጨምራል። ገና አልወጣም ነበር። እናትሽ ብሩን ቶሎ ያገኙት የሐዋላው ድርጅት ከራሱ አስቀድሞ ስለከፈላቸው ነው። ካንቺ የሚወስደው በኋላ ነው። ሰኞ የሁለቱም ጥያቄ ባንክሽ ደረሰ፤ የ400ውም፣ የ1,850ውም። ድምሩ 2,250 ነው። ያለሽ ደግሞ 2,100። ባንኩ የሐዋላውን አስቀድሞ ከፈለ፣ 1,700 ቀረ፣ ኪራዩ በ150 ዶላር ጎደለ። ባንክ «ያለውን ልስጥ፣ የቀረውን በኋላ» አይልም። ወይ ሙሉውን ይከፍላል፣ ወይ ሙሉውን ይመልሳል።

ሐሙስ ያየሽው 2,680ስ? መቼም ደመወዝሽ ገብቶ መሆን አለበት። 1,700 ላይ 980 ሲጨመር 2,680 ይመጣል። የደመወዝ ወረቀትሽን አውጥተሽ አመሳክሪው። አር-01 የሚያወራው ስለ ሰኞ ነው፤ አንቺ ያየሽው የሐሙሱን ነው። ለዚህ ነው አንቺም ባንኩም እውነት ይዛችሁ የተጣላችሁት።

አሁን ስለዚያ «ክፍያዎ ደርሶናል» ስለሚለው ኢሜይል ላውራሽ፤ የብዙ ሰው ጣጣ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ይህ የክፍያ መንገድ ኤሲኤች ይባላል። ደመወዝሽ የሚገባበት፣ ኪራይና የመብራት ሂሳብ የሚወጣበት የአሜሪካ ባንኮች የጋራ መስመር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ አለ። ደንቡን የሚያወጣው ናቻ የሚባል ማኅበር ነው። ፋይሎቹን የሚያስተላልፉት ደግሞ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ሌላው የባንኮች ኩባንያ የሆነው ክሊሪንግ ሃውስ። የያንዳንዱ ሰው ክፍያ ለብቻው አይሄድም። የብዙ ሰው ክፍያ አንድ ፋይል ላይ ይጫንና እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ በተቆረጠለት ሰዓት ይነሳል። ቅዳሜና እሁድ፣ በፌዴራል በዓላትም፣ ሂሳብ አይወራረድም። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት «ክፈል» የሚለውን ስትጫኚ ከአካውንትሽ አምስት ሳንቲም አልወጣም። ጥያቄሽ ተመዘገበ፣ አለቀ።

ዋናው ነገር ይኸውልሽ። ኤሲኤች «እሺ፣ ተከፍሏል» የሚል መልስ የለውም። መልስ የሚመጣው እምቢታ ሲሆን ብቻ ነው። የአከራይሽ ባንክ ገንዘቡን ይጠይቃል፣ ከዚያ ዝም ይባላል፤ እምቢታ ካልመጣ እንደተከፈለ ይቆጠራል። ባንክሽ ብር ጎደለ ወይም አካውንቱ የለም ብሎ ለመመለስ ሁለት የባንክ የሥራ ቀን አለው። ሰኞ የደረሰ ጥያቄ እስከ ረቡዕ ጠዋት ሊመለስ ይችላል ማለት ነው። እምቢታው መጀመሪያ ለአከራዩ ባንክ፣ ከዚያ ድረ ገጹን ለሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ፣ በመጨረሻ ላንቺ ይደርሳል። ሐሙስ ማታ የሰማሽው ለዚህ ነው። ያ የቅዳሜው ኢሜይል «ጥያቄሽን ተቀብለናል» ቢል ኖሮ እውነቱን ይናገር ነበር። እኔ ብሆን እንዲህ ያለውን ኢሜይል በሕግ አስከለክለው ነበር፣ ግን ማን ጠይቆኝ።

አገር ቤት ቴሌብር የለመደ ሰው እዚህ ላይ ቢሸወድ አይፈረድበትም። እዚያ ስትልኪ ወዲያው ይቀነሳል፣ መልእክቱ ወዲያው ይመጣል፣ ቀሪ ሂሳብሽም የእውነት ቀሪ ነው። አሜሪካም ወዲያው የሚያደርሱ መስመሮች አሏት። የክሊሪንግ ሃውሱ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የፌዴራል ሪዘርቩ ፌድናው ደግሞ በ2023 ነው የጀመሩት። ኪራይ የሚሰበስቡት ድረ ገጾች ግን በብዛት አሁንም እዚያው አሮጌው አውቶቡስ ላይ ናቸው።

ስለዚህ አፑ የሚያሳይሽን ቁጥር ብቻ አትመኚ። የላክሽውን፣ የከፈልሽውን፣ ገና ያልወጣውን ራስሽ ቀንሺ። ከተቻለም ለኪራይ ብቻ የሚሆን ሌላ ቼኪንግ አካውንት ክፈቺ። ከያንዳንዱ ደመወዝ የኪራዩን ድርሻ ወደዚያ አስገቢ፣ ለእናትሽም ለዕቁብም የምትልኪውን ከሌላኛው አድርጊው። እንዲያ ከሆነ የሐዋላውና የኪራዩ ጥያቄ አንድ ቦታ አይገናኙም። ለነገሩ እናትሽ ተርፈዋል። ባንኩ ኪራዩን አስቀድሞ ከፍሎ ቢሆን የሚመለሰው የሐዋላው ነበር። ብሩ ደሴ ላይ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ድርጅቱ ዕዳውን ካንቺ ይጠይቃል፣ እስክትከፍይም አፑን ይዘጋብሻል። የትኛው ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስነው ባንኩ ነው፤ ያንቺ ፍላጎት አይጠየቅም።

አንድ ነገር ደግሞ ክሬዲት ዩኒየንሽን ጠይቂ። ብር ሲጎድል ኤሲኤችን ይመልሳሉ ወይስ ጉድለቱን ራሳቸው ሸፍነው የኦቨርድራፍት ቅጣት ያስከፍላሉ? ቁጠባ አካውንትሽን ከቼኪንጉ ጋር አገናኝተው ጉድለቱን ከዚያ እንዲሞሉልሽ ማድረግም ይቻላል። ለካርድና ለኤቲኤም ኦቨርድራፍት ፈቃድሽን መጠየቅ ግዴታቸው ነው፣ ለኤሲኤች ግን አይደለም። ስለዚህ «ኦቨርድራፍት አልፈልግም ብያለሁ» ብለሽ ብቻ አትተኚ።

አሁን ወደ ፊተኛው፣ ወደ አር-03። ትርጉሙ «በዚህ ቁጥር አካውንት አላገኘንም» ነው። ወደ ክሬዲት ዩኒየን ከተዛወርሽ ሰሞን የመጣ ስለሆነ ምን እንደተፈጠረ መገመት አያቅትም። ክሬዲት ዩኒየን ስትገቢ መጀመሪያ የሚሰጡሽ የአባልነት ቁጥር ነው። አጭር ነው፣ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ይጻፋል፣ ስልክ ስትደውዪም የሚጠይቁሽ እሱኑ ነው። ብዙ ክሬዲት ዩኒየኖች ዘንድ ግን ለኤሲኤች የሚያገለግለው ቁጥር ሌላ፣ ረዘም ያለ ነው፤ ፊቱ ላይም ዜሮዎች ሊደረደሩ ይችላሉ። ዜሮ ምን ያደርጋል ብለሽ ከተውሽው ይመለሳል።

ትክክለኛውን ለማግኘት አፕሽ ላይ «ዳይሬክት ዲፖዚት» የሚለውን ክፈቺ። ቼክ ካለሽ ደግሞ ግርጌውን እዪ። የተለመደው የግል ቼክ ላይ በግራ በኩል ያለው ባለ ዘጠኝ አኃዙ ራውቲንግ ነምበር፣ ማለትም የባንኩ መለያ ነው። ቀጥሎ አካውንት ነምበር ይመጣል። መጨረሻ ላይ ያለችው አጭሯ የቼኩ ተራ ቁጥር ናት፤ ራስጌው በቀኝ ጥግ ላይም አለች። ይህቺን ከአካውንቱ ጋር ገጥሞ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ያም ተመላሽ ነው። የዴቢት ካርዱን 16 አኃዝ የሚሞላም አይጠፋም።

ራውቲንጉን ብትሳሳቺ ድረ ገጹ ወዲያው ይነግርሽ ነበር። የመጨረሻዋ አኃዝ ከፊተኞቹ ስምንት ተሰልታ የምትወጣ መቆጣጠሪያ ስለሆነች አንዲት አኃዝ ስትዛባ ሂሳቡ አይገጥምም። አካውንት ነምበር ላይ ግን ሁሉም ባንክ የራሱ አሠራር አለው። ድረ ገጹ ቁጥሩን በማየት ብቻ ልክ ይሁን አይሁን ማወቅ አይችልም፤ ብዙ ጊዜ የጻፍሽለትን ይዞ ይሄዳል።

አር-03 ሲመጣብሽ ተናደሽ ይሆናል። እኔ ግን ተመስገን በዪ እላለሁ። ባንኮች ኤሲኤችን የሚያስገቡትም የሚያስወጡትም በአካውንት ቁጥሩ ነው፤ ስሙ ይመሳከር የሚል ግዴታ የለባቸውም። የአባትሽ ስም አንዱ ጋ በሁለት «ኤስ»፣ ሌላው ጋ በአንድ መጻፉ ለኤሲኤች ብዙም ለውጥ አያመጣም። ያ የተሳሳተ ቁጥር የሌላ ሰው አካውንት ሆኖ ቢገኝ ግን ኪራይሽ ከማታውቂው ሰው ላይ ይወጣ ነበር። ሰውዬው ሲነቃ ያስመልሳል፣ ያኔ አከራይሽ ዘንድ ሌባ መስለሽ ትታያለሽ። የደመወዝ ቁጥር ሲሳሳት ደግሞ የባሰ ነው፤ የገባለት ሰው አውጥቶ ሊያጠፋው ይችላል። የሥራ ቦታ ስትቀይሪ ይህን አስታውሺ፣ ቁጥሩን በእጅሽ አትገልብጪ፣ ከአፑ ቅጂና ለጥፊ።

ወደ አክስትሽ ልጅ ምክር እንምጣ። አደራሽን፣ እንዳታደርጊው።

ባንክ ሄደሽ «አልፈቀድኩም» ስትይ ጽሑፍ ላይ ያስፈርሙሻል። ክፍያው አር-10 በሚባል ምክንያት ይመለሳል፤ ደንበኛው አልፈቀድኩም ብሏል ማለት ነው። ለማጭበርበር ሰለባዎች የተበጀ በር ነው። በራስሽ ጣት የፈቀድሽውን አልፈቀድኩም ብለሽ ከፈረምሽ ሐሰተኛ ቃል ሰጠሽ ማለት ነው። አከራዩ ደግሞ የፈቀድሽበትን መዝገብ ከነቀኑና ከነሰዓቱ ያወጣዋል። ለ50 ዶላር ሲባል እዚያ ውስጥ አትግቢ። ኪራይ በድረ ገጹ መክፈል ሊከለክሉሽ ይችላሉ፣ የውል ማደሻ ጊዜም አስቸጋሪ ተከራይ ተብለሽ ትጠብቂያለሽ።

በሩ የሚከፈትልሽ ጊዜም አለ። መጀመሪያ ስትመዘገቢ «እስማማለሁ» ያልሽበትን ገጽና የኪራይ ውልሽን አውጪ። ክፍያ ሲመለስ 50 ዶላር ከአካውንትሽ እንደሚወስዱ ተጽፎ ከሆነ ፈቅደሻል። ምንም ያልተጻፈ ከሆነ፣ ወይም ነገ ደግሞ ያን 150 ሳትፈቅጂ ቢወስዱት፣ ያኔ ባንክሽን መጠየቅ መብትሽ ነው። ክፍያው የታየበት የሂሳብ መግለጫ ከተላከልሽ በ60 ቀን ውስጥ ተናገሪ። ባንኩ በ10 የሥራ ቀን አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። ጊዜ ካነሰው እስከ 45 ቀን ሊወስድ ይችላል፣ ግን ማጣራቱ እስኪያልቅ ብሩን በጊዜያዊነት ይመልስልሻል።

ሌላ ቶሎ ልታዪው የሚገባ ነገር አለ። በመኒ ኦርደር ስትከፍዪ የተመለሰውን ክፍያ ድጋሚ እንዳይልኩት ነግረሻቸዋል? ናቻ በአር-01 የተመለሰን ክፍያ እስከ ሁለት ጊዜ፣ በ180 ቀን ውስጥ፣ ደግመው እንዲሞክሩ ይፈቅዳል። ብዙ ድረ ገጾች ይህን ሰው ሳይነካቸው በራሳቸው ያደርጉታል። ቢሮ ያለችው ልጅ መኒ ኦርደሩን ስትቀበል ማሽኑ አያውቅም። ስለዚህ የአንድ ወር ኪራይ ሁለቴ ልትከፍዪ ትችያለሽ። ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፊላቸው። ኪራዩን በመኒ ኦርደር እንደተቀበሉ ያረጋግጡልሽ፣ ድጋሚ እንዳይጠይቁም ይጻፉልሽ። የመኒ ኦርደሮቹን ቁራጭ ደረሰኝ አትጣዪ። አካውንትሽ ላይ «ሪትራይ ፔይመንት» የሚል ነገር ብቅ ካለ ደግሞ ሙከራው ተጀምሯል ማለት ነው፣ ያኑ ቀን ክሬዲት ዩኒየንሽ ደውዪ። ክሬዲት ዩኒየኑ በያንዳንዱ ሙከራ አዲስ የጉድለት ቅጣት ከጻፈብሽም አትተዪው፤ ለአንድ ክፍያ ደጋግሞ ማስከፈልን ተቆጣጣሪዎቹም አልወደዱትም፣ ሲጠየቁ የሚመልሱ ብዙ ናቸው።

አር-03 ግን እንዲህ አይደለም። ቁጥሩ ሳይታረም ደግሞ መላክ የለም።

በዚህ አጋጣሚ የትራክና የሬስቶራንት ኤልኤልሲ (በሕግ የተመዘገበ የግል ድርጅት) ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ የ60 ቀኑ ነገር እናንተን አይመለከትም። በድርጅት አካውንት ላይ ያልፈቀዳችሁት ክፍያ ሲወጣ ባንካችሁ አር-29 ብሎ ለመመለስ ያለው ያው ሁለት የባንክ የሥራ ቀን ነው። እናንተ ደግሞ ከዚያ በፊት መናገር አለባችሁ፤ በማግስቱ ጠዋት ካልደወላችሁ አለፈ በሉት። አንዳንድ የድርጅት አካውንት ከመጀመሪያውም ለኤሲኤች ዝግ ስለሆነ የኢንሹራንስ ክፍያችሁ ብር እያለ ይመለስባችኋል። ባንኩ ክፍያውን የሚወስደውን ድርጅት መለያ ቁጥር አምጡና እንፍቀድለት ይላችኋል፤ ኢንሹራንሱን ጠይቃችሁ ስጧቸው።

የቀረን ያ 150 ዶላር ነው፤ እኔ የተናደድኩትም በእሱ ነው። በሜሪላንድ ሕግ የዘገየ ኪራይ ቅጣት ከ5 በመቶ መብለጥ የለበትም። የ1,850 አምስት በመቶ 92 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። 150 ከየት መጣ? በዚያ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ናት። እዚያ ደግሞ ኪራዩ ከ10 ቀን በላይ ካልዘገየ በቀር የመዘግየት ቅጣት ጭራሽ አይጠየቅም። አንቺ በ1ኛው ቀን የሚከፈለውን በ7ኛው ቀን በመኒ ኦርደር አስረክበሻል።

ስለዚህ ለአከራዮቹ ሥራ አስኪያጅ ረጋ ብለሽ ጻፊ። ክፍያው በአር-01 መመለሱን፣ በምን ቀን በመኒ ኦርደር እንደከፈልሽ፣ የካውንቲው ሕግ ስለ 10 ቀኑና ስለ 5 በመቶው የሚለውን ጥቀሺና 150ውን እንዲሰርዙት ጠይቂ። ስለ 50 ዶላሩ ደግሞ የትኛው የውል አንቀጽ እንደፈቀደላቸው ያሳዩሽ። መልስ ካልሰጡሽ የካውንቲው የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ አቤቱታ ይቀበላል። ስልኩ 311 ነው፤ «አማርኛ አስተርጓሚ» በያቸው፣ ያገናኙሻል።